በአክስቴ ስም የተከደነ ጎጆ

ባለፈው ጥር ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ ዳባት ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት አዲስ ቤት ትመርጋለች። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ብዙ ቀን መሰንበቱን ከሽታው ዐወቅሁ። ላልኖረበት ሰው ግማት ነው፤ እኔን ግን አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ወስዶ አቆመኝ። ሹፌሩ ከሌላ መኪና ክሪክ ተውሶ እስኪመጣ ድረስ የሴትዮዋን እጅ ስመለከት ቆየሁ። በጣቶቿ ነው የምትመርገው። አክስቴ የሻረግ ብታያት፣ ጣት መስመር እየተወ ውሃ ያስገባል፣ በመዳፍሽ ተጫኚው ትላት ነበር። እኔ ዝም ብዬ አየኋትና ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ። ዝምታ የልጅነት ልማዴ ነው፤ በዚያ ዓመት ያስከፈለውን ግን እኔ አልከፈልኩትም።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ሁለት በቅሎዎች ነበሩት፤ ተራራውን ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች ዕቃ ይጭናል። ከዚያ ሥራ ያመጣው ሐሳብ ነው ሁሉን ያስጀመረው። ፈረንጁ ሎጅ አለው፣ ድንኳንም አለው ይል ነበር። የጎንደር ሰው ግን በበዓል ማግሥት ልጆቹን ጭኖ ይመጣል፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ብርዱ መንከስ ሲጀምር የበላውን እንኳ ሳያወርድ ወደ ከተማ ይሮጣል። አንድ ንጹሕ ጎጆ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ቢያገኝ ሁለት ቀን ተንፍሶ ይሄዳል።

እናቴ ሣቀችበት። ሰው ከቆርቆሮ ቤቱ ወጥቶ ሣር ቤት ለማደር ገንዘብ ይከፍላል ወይ አለችው። አባቴ ይከፍላል፣ ልጆቹ እኮ ጎጆ ውስጥ ገብተው አያውቁም ብሎ መለሰላት። ደባርቅ ወርዶ ሆቴል ሊይዝ የመጣ መስሎ ክፍል አሳዩኝ አለ፤ አልጋውን በስንዝር ለክቶ፣ ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን በእርምጃ ቆጥሮ፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ልኩን በገመድ ላይ እየቋጠረ ነበር የያዘው። ያን ገመድ እኔና ታናሽ ወንድሜ እንዳንነካው ከምሰሶው ላይ ሰቀለው። ሐሳቡ ሦስት ጎጆ ነበር፤ በአንድ እንጀምር አለ። ይህን ሁሉ ግን እኔ የሰማሁት ኋላ ነው።

አክስቴ የሻረግ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ባሏ ጃናሞራ ሞቶባት ወደ እኛ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልነበራትም። ያመጣችው አንድ እስር ልብስና የባሏን ከዘራ ነው። ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ትተኛና ማንም ተራምዷት እንዳያልፍ ከሁላችንም ቀድማ ትነሣለች። የምትበላውንም ቆማ ነበር የምትበላው፤ ያኔ የምትቸኩል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ አባቴ ጎጆው ወደሚሠራበት ሜዳ ይዟት ሄደ። እኔም ተከተልኩ። እትዬ፣ በሩን ወዴት ላዙረው አላት። ከመሬት ደቃቅ አፈር ዘግና በተነችው፣ የሄደበትን አየች፣ እንደገና በተነች። ከዚያ በክንዷ አሳየችው። አባቴ እዚያው ችካል መታ።

በእኛ ዘንድ የበሩን አቅጣጫ የምትመርጠው በቤቱ የምትኖረው ሴት ናት። አባቴ የጠየቃት ነፋሱን ከማናችንም ይልቅ ስለምታውቅ ብቻ ነበር። እኔ ግን ጎጆው የእሷ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ነገርን በራሴ መድረስ እወድ ነበር፤ መጠየቅ ያላወቁ ሰዎች ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ። አባቴ የሰጠኝ መልእክት አጭር ነው፤ ቅዳሜ ጎጆ እንሠራለንና እጃችሁን አውሱን። መጀመሪያ የገባሁት አባ ታከለ ቤት ነው። አባ ታከለ በሰፈሩ ደቦ የሚመሩ፣ ጣራ ሲከደን ጉልላቱን የሚያስሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው የማን ጎጆ ነው ልጄ አሉኝ። የእትዬ የሻረግ አልኳቸው። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ሸማቸውን ሰብስበው ተነሡና ወደ ጓሮ ዞረው ባላቸውን ጠሩ።

ይህን ላስረዳ። ለደህና አባወራ ደቦ ሲጠራ፣ የጠራው ሰው ጠላውንም ምሳውንም ያዘጋጃል፤ የመጣው ሰው ጉልበቱን ብቻ ነው የሚያመጣው። ለመበለት ሲሆን ግን ማንም ከእሷ ምንም አይጠብቅም። እንዲያውም እያንዳንዱ ቤት ምሳውን ቋጥሮ፣ አንድ ሸክም የክዳን ሣር ይዞ ይመጣል። ሣሩ እንደዋዛ የሚገኝ አልነበረም። ከፓርኩ ማጨድ ክልክል ስለሆነ ሰው በእርሻው ድንበር ያበቀለውን ዓመት ሙሉ ያጠራቅማል፤ ክረምት ሳይገባ የገዛ ጣራውን ሊጠግንበት። አንድ ሸክም መስጠት ማለት በራስ ቤት አንድ ማዕዘን እንዲያፈስ መፍቀድ ነው። ይህን ዐውቅ ነበር። ስለማውቅም ነው በየቤቱ ፊት ሲበራ ሳይ ልቤ የሞላው። በዚያ ቀን አሥራ አንድ ቤት ገባሁ።

ስመለስ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ወጋግራ ይጠርባል። ቁጭ በይ አለኝና ደስ ብሎት አወራኝ። በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከገቡ መስከረም ላይ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ከእኔ የሚያንሱ የሰፈራችን ልጆች ሦስተኛ ክፍል ደርሰዋል፤ እኔ ግን ወንድሜን በማዘልና ውሃ በመቅዳት ቀርቼ ነበር። የምን እንግዶች እንደሆኑ ጠየቅሁት። እናቴ በእሱ ላይ የሣቀችውን ዓይነት ሣቅ ሣቀ፤ የጎንደር ሰዎች ናቸው፣ ለኪራይ ነው እንጂ ሦስት ጎጆ ለምን እሠራለሁ አለ። እትዬስ አልኩት።

«እሷማ ትጠርገዋለች፣ ትጠብቀዋለች። ዝም ብላ ከምትቀመጥ።»

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም የሚጠቅማት ነገር ያገኘላት መስሎት ነበር።

በማግሥቱ ስድስት ቤት ቀርቶኛል። በመጀመሪያው ደጅ ላይ ሳልናገር ሴትዮዋ ቀደመችኝ፤ ለየሻረግ ነው አሉ፣ አባትሽ ደግ አደረገ አለች። አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ በአምስቱ ቤት በገዛ አፌ ተናገርኩት። ወደ አሥራ አንዱ ቤት ተመልሶ ተሳስቻለሁ ማለት ይቻል ነበር፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግን ሰው ሲቀር፣ ጣራው ሳይደርስ ክረምት ሲገባና መስከረም እንዳለፈው መስከረም ሲሆን ታየኝ። ስለዚህ ስለዚያ ዓመት ስናገር ልጅ ነበርኩ አላውቅም አልልም። አሥራ አንዱን ቤት ሳላውቅ ነው፣ ስድስቱን እያወቅሁ ነው።

ቅዳሜ ሰው በመንገዱ ሲመጣ መጀመሪያ የታየን ሣሩ ነበር፤ ኮረብታው ራሱ እየተራመደ የሚመጣ ይመስል ነበር። አባቴ ግራ ገባው። ሣሩን ከዳባት ገበያ ሊገዛ በቅሎ ይዞ ለመሄድ አስቦ ነበር። ወንዶቹ ሸክማቸውን አውርደው ያለ ወሬ ሥራ ጀመሩ። ምሳ ሲደርስ እያንዳንዱ የቋጠረውን ፈታ፤ እናቴ የጠመቀችው ጠላ በእንስራው ቀረ። አባቴ በመሰላሉ ግርጌ ቆሞ ለእናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንዲህ ይወደኝ ኖሯል አላት። ዓይኑ ውሃ አቅርሮ ነበር። እኔ አጠገባቸው ማገር አቀብል ነበርና ሰማሁ።

ሴቶቹ ደግሞ በሌላ በኩል አክስቴን እየሳሟት እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ይሏታል። መጀመሪያ ያልገባት ትመስል ነበር። ቀና ብላ ጣራው ላይ ያለውን ወንድሟን አየችው፤ እሱ ገመድ እንዲወረወርለት ይጮኻል። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች። እሱን አልጠየቀችውም። ሊሰጣት ያሰበውን ነገር ገና ሳይሰጣት ማንሣት በእሷ ዘንድ ነውር ነው። እኔንም ያኔ ቀና ብላ ብታየኝ ኖሮ ከፊቴ ታነበው ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ምርጊቱን የሠራችው እሷ ናት። ጭቃውን ጉድጓድ ውስጥ ከጭድ ጋር አቡክታ ዘጠኝ ቀን አቆየችው፤ በየማለዳው በእግሯ ትረግጠዋለች፣ እኔ ውሃ እጨምራለሁ። በአምስተኛው ቀን መሽተት ጀመረ። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ ስታልፍ አክስቴ ትሥቃለች፤ ሽታው ሲጠፋ ነው የሚያሳስበው ትላለች። እየሠራች ታወራ ነበር። ከእኛ ቤት ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ስለ ባሏ አወራችኝ፤ እንቁላል ይጠላ እንደነበር፣ ሊማሊሞን ሲወርድ ዓይኑን ጨፍኖ የበቅሎዋን ጭራ ይይዝ እንደነበር።

ግድግዳው ገና እርጥብ ሳለ በመዳፏ እየገፋች በግድግዳው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጓዳ አወጣችበት፤ እንደ መደርደሪያ ዕቃ የሚቀመጥባት፣ ከመሬት በደረቴ ልክ ከፍ ያለች። አባቴ መጥቶ አየና እንግዳ ጎንበስ ሊል ነው እንዴ፣ ከፍ አድርጊው አላት። እንግዳ ያለውን ሊጠይቃት የሚመጣ ሰው መስሏት ይሆናል፤ ለእንግዳ አይደለም ብላ ሣቀች። እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዘወር አለች።

«የደብተርሽ ናት። ትምህርት ቤት ስትገቢ እዚህ ነው የምታጠኚው። እዚያ ቤት ሕፃኑ አያስጠናሽም።»

ባልዲውን ይዤ ቆሜያለሁ። አፌ ውስጥ የነበረውን ቃል እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ እትዬ ብዬ ጀምሬም ነበር። ምን አልሽ አለችኝ። ውሃው አለቀ አልኳትና ወደ ምንጩ ሮጥኩ። ምንጩ ጋ ደርሼ ባልዲው ግማሽ ድረስ ሙሉ መሆኑን አየሁ፤ ደፍቼ እንደገና ቀዳሁ።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አርብ አባቴ ከደባርቅ ሰሌዳ አጽፎ አመጣ። በዚያው ቀን አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ነገ ከጎንደር አንድ ቤተሰብ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ላከበት። ቅዳሜ ማለዳ አልጋውን ሊያነጥፍ የጎጆውን በር ከፈተ፤ እኔ ብርድ ልብሱን ተሸክሜ ከኋላው ነኝ። የአክስቴ እስር ልብስ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የባሏ ከዘራ ከበሩ ጀርባ ተደግፏል። ጓዳዋ ውስጥ ምንም የለም፤ ባዶዋን ተጠርጋለች።

አባቴ አልተቆጣም። ጠራትና እትዬ፣ ዛሬ እንግዶች ይገባሉ፣ ዕቃሽን ማን እዚህ አመጣው አላት። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚከፍሉ፣ ቀጣዩን ጎጆ የት እንደሚሠራ አያይዞ ነገራት። ሲያወራ እሷ ሰሌዳውን ታይ ነበር፤ ማንበብ አትችልም። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኗን ግን ወዲያው አነሣች።

«ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ ነው» አለችው።

ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። እስሩን በአንድ እጇ፣ ከዘራውን በሌላው ይዛ ወጣች። ከዘራውን አልተመረኮዘችበትም።

እንግዶቹ መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ባልና ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆችና የሚስትየዋ እናት። ልጆቹ ግድግዳውን እየዳሰሱ በእጅ ነው የተሠራው ይላሉ። አሮጊቷ ደጁ ላይ ተቀምጠው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደዚህ ያለ አየር ሳብኩ ብለው አባቴን መረቁት። አክስቴ አልጋ አነጠፈችላቸው፣ ውሃ አሞቀችላቸው። ሚስትየዋ ጓዳዋን አይታ እንዴት ታምራለች አለችና የሻይ ፍላስኳን አስቀመጠችባት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲሄዱ ለሐምሌ እንመለሳለን አሉ። አባቴ መንገዱ ድረስ ሸኛቸው፤ ሲመለስ እየሮጠ ነበር ማለት ይቻላል።

ደጅ ላይ አባ ታከለና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው አገኘ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ምሳ እንኳ ሳይበሉ ነበር የመጡት። ግቡ ቢላቸው እንቢ አሉ። አባ ታከለ ሲናገሩ ድምፃቸው የደከመ ነበር።

«አያሌው፣ የእኔ ጣራ ከምዕራብ በኩል ክፍት ነው። አውቄ ነው የከፈትኩት። ለመበለት መስሎኝ።»

«ለየትኛዋ መበለት?» አለ አባቴ።

«ለእኅትህ ነው ብለህ ነው የጠራኸን። ልጅህ ናት በየደጃችን የዞረችው።»

አባቴ ዘወር አለ። እኔ የእናቴን እንስራ ይዤ ከምሰሶው ሥር ነበርኩ። ምን ብለሽ ነው የጠራሽ አለኝ። ሁሉም አየኝ። መልሱ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም ነበር። ጎጆው ሲቀማ፣ እንግዶቹ በሐምሌ ሲመለሱ የሚገቡበት ሲያጡ፣ ደብተሬ ሲቀር ነበር የሚታየኝ። ከዚያም በላይ የአባ ታከለን ዓይን ፈራሁ።

አክስቴ ከቤት ወጣች። እጇ ከእንግዶቹ ሣህን ገና እርጥብ ነው።

«እኔ ነኝ እንዲህ በይ ያልኳት» አለች። «ልጅቷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።»

 አባ ታከለ መሬት መሬት አዩ። መበለት ቤት ለመሥራት ብትለምን ነውር አይደለም፤ ወንድሟን ሳታስፈቅድ ሰፈሩን አታልላ በስሙ ደቦ ብትጠራ ግን ከዚያ በኋላ በማንም ደጅ ቀና ብላ አታልፍም። ይህን እሷ ከሁላችንም የበለጠ ታውቃለች። ሽማግሌዎቹ አባቴ የእያንዳንዱን ቤት ሣር ከክረምት በፊት እንዲተካ ወስነው ሄዱ፤ አባቴም አንዱን በቅሎ ሸጦ ተካ። ሁለተኛውን ጎጆ ሊሠራ ደቦ ቢጠራ ግን የመጣለት የለም፤ ያ አንዱ ብቻውን ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ለእኅቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገራት። ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

«ብትጠይቂኝ እሠራልሽ ነበር።»

እውነቱን ነበር። ይሠራላት ነበር። እሷ ይህን ዐወቀች፤ እሱ ግን ሰው ወደደኝ ብሎ ያለቀሰበትን ቀን የወሰደችበት እኅቱ እንደሆነች አምኖ ተቀመጠ። እኔ በመካከላቸው ወንድሜን አቅፌ ነበርኩ።

ግንቦት ሳያልቅ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ ባሏ ወንድም ሄደች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ተቀመጪም አላላትም። በሄደችበት ማለዳ ጭንቅላቴን በቅቤ ቀባችና ሹሩባዬን አጠበቀችው። እንድናገር ጊዜ የሰጠችኝ ይመስለኛል፤ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ ሠራችው። ስትጨርስ ተነሣች። ትምህርትሽን ያዢ፣ ለአባትሽም ውሃ አሙቂለት፣ ወገቡን ያመዋል አለችኝ። ስለ ሌላው አንድ ቃል አልወጣትም።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ። በቁመቴ ከመምህሯ ብዙም አላንስም፤ ከትንንሾቹ ጋር የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ፊደሉን በስድስት ሳምንት ጨረስኩ። መጀመሪያ አንብቤ የገባኝ ጽሑፍ የአባቴ ሰሌዳ ነው፤ የቤተሰብ ማረፊያ ይላል። ለጥምቀት ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር፤ ለፋሲካ ለአክስቴ ልጽፍላት ወሰንኩ። አንድ ነጋዴ በቅሎ ጭኖ ወደ እነሱ አገር ይሄድ ነበር።

ከደብተሬ መካከል ያለውን ወረቀት ገነጠልኩ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቀድሜ አሰብኩበት፤ እሷ ማንበብ ስለማትችል የአጥቢያው ዲያቆን ነው የሚያነብላት፤ ዲያቆኑ የሚያነበው ደግሞ ደጅ ላይ ነው፤ የባሏ ዘመዶች ሁሉ ይሰማሉ። ነጋዴውም ሰምቶ ተመልሶ ለእኛ ሰፈር ያወራል። እውነቱን ብጽፈው በአንድ ቀን በሁለት አገር ይጸዳል ስሟ። ይህ ሁሉ በደንብ ገብቶኝ ነበር። ስለገባኝም ነው ያልጻፍኩት።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ጀመርኩ። ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ አልኩ። ወንድሜ መሮጥ ጀመረ፣ አባባ ወገቡ ተሽሎታል፣ እማማ ሰላም ብላሻለች አልኩ። ፊደሎቼ ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ሁለት ቦታ ተሳስቼ እንደገና ስለገለበጥኩት አንድም ስርዝ የለበትም። አንዱን ገጽ እስከ ታችኛው መስመር ሞላሁት።

ነጋዴው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለሰ። ሰላም ብላሻለች አለኝ። ዲያቆኑ ሲያነብ ቆማ ነበር የሰማችው፤ ጨርሶ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዘችው።

«ገልብጥልኝ» አለችው አሉ፤ «በጀርባው የጻፈችው አለ።»

ዲያቆኑ ገለበጠው፤ ባዶ መሆኑንም አሳያት።